ብርቱካናማ ወይን፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጥምቀት ሰሞን ጎንደር እንግዳ ይጎርፍባታል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ አንድ ጠርሙስ ሸጉጦ መምጣቱ የተለመደ ነው። ድሮ ውስኪ ነበር፤ አሁን አሁን ወይንም እየተጨመረ ነው። ከዚያ መሃል ቀይም ነጭም ያልሆነ፣ ወደ ብርቱካን ቀለም የሚያደላ ወይን ብቅ ይላል። ሰው ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ያይና ጥያቄው ይጀምራል። እኔ ይህን ወይን በጣም እወደዋለሁ። በርበሬና ቅቤ ለሚበዛበት የእኛ ማዕድ ከብዙ ወይኖች ይበልጥ ይስማማል ብዬም አምናለሁ። ለዚህ ነው ደጋግመው የሚመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ የመለስኳቸው።

ከብርቱካን ነው የሚሠራው?

አይደለም። አንዲት ጠብታ የብርቱካን ጭማቂ የለበትም። ከነጭ ወይን ፍሬ ይሠራል፤ ስሙን ያወጣለት ቀለሙ ነው።

ከነጭ ፍሬ ከተሠራ እንዴት ነጭ ሳይሆን ቀረ?

ነገሩ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። የወይን ፍሬ ሲጨመቅ፣ ፍሬው ጥቁርም ይሁን ነጭ፣ ጭማቂው አብዛኛውን ጊዜ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። ቀለሙም፣ አፍ የሚያደርቀው ታኒን የሚባለው ነገርም፣ ብዙው መዓዛም የሚገኘው ከልጣጩና ከዘሩ ነው።

ነጭ ወይን ሲሠራ ፍሬው ይጨመቅና ልጣጩ ወዲያው ይጣላል። የሚፈላው ጭማቂው ብቻውን ነው። ቀይ ወይን ደግሞ ከጥቁር ፍሬ ከነልጣጩ ይፈላል። ሮዜ የሚባለው ፈዛዛ ቀይ ወይን ከዚያው ከጥቁር ፍሬ ይሠራል፤ ልጣጩ ግን ብዙ ጊዜ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ነው። ብርቱካናማው ወይን የቀዩን አሠራር ወስዶ በነጭ ፍሬ ላይ ይሠራበታል። በቃ፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ልጣጩ ስንት ቀን ይቆያል ካላችሁ እንደ ጠማቂው ነው። አንዳንዱ በአራት በአምስት ቀን ያወጣዋል። አንዳንዱ ወራት ያቆየዋል። ጥቂት ቀን የቆየው ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ወርቃማ ይሆናል፤ ጣዕሙም ለነጭ ወይን ይቀርባል። ወራት የቆየው ጠቆር ያለ ማር ይመስላል፤ ምላስም ይይዛል። ስለዚህ አንዱን ቀምሳችሁ ካልወደዳችሁት በሌላው አትፍረዱ።

ሥራው ሲሠራ ቀረብ ብሎ ላየው ደስ ይላል። ፍሬው ተጨፍልቆ ዕቃው ውስጥ በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ መንተክተክ ይጀምራል። የሚወጣው ጋዝ ልጣጩን እየገፋ ከላይ ይሰበስበዋል፤ ወፍራም ክዳን ይሠራል። ይህ ክዳን ከላይ እንደደረቀ ከተተወ ይሻግታል፣ ወይኑንም ወደ ኮምጣጤ ይወስደዋል። ስለዚህ ጠማቂው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በእንጨት ወደ ታች ይደፍቀዋል። ሲደፈቅ አረፋው ይፈነዳል፣ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። መፍላቱ ሲያበቃ ልጣጩ እየከበደ ይሰምጣል።

ጣዕሙ ምን ዓይነት ነው?

በመጀመሪያው ጉንጭ ብዙ ሰው ግር ይለዋል። ዓይን ጣፋጭ ነገር ሲጠብቅ አፍ ደረቅ ወይን ያገኛል። አብዛኞቹ ስኳር የላቸውም ማለት ይቻላል። ሽታቸው የደረቀ ኮክ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ማር፣ ለውዝ፣ አንዳንዴም የደረቀ ሣር ያስታውሳል። ከዋጣችሁ በኋላ ድድና ምላስ ላይ የሚቀረው መድረቅ የታኒኑ ሥራ ነው።

የጎንደር ሰው እዚህ ላይ አንድ ጥቅም አለው። ጌሾው ጠንከር ያለ፣ ስኳር ያልበዛበት ጠጅ የለመደ ምላስ በዚህ ወይን አይደነግጥም። ምሬትንና መዓዛን አንድ ላይ መቀበል ያውቅበታል። ከለስላሳ ጣፋጭ ወይን በቀር ቀምሶ የማያውቅ ሰው ግን ጊዜ ይፈልጋል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው በባዶ ሆድ አትስጡት። ከምግብ ጋር፣ በትንሽ በትንሹ ይሁን።

ማን ጀመረው?

በዚህ ነገር ስሟ ቀድሞ የሚነሳው ጆርጂያ ናት። የአሜሪካዋን ግዛት ማለቴ አይደለም፤ ዋና ከተማዋ ትብሊሲ የሆነችውን የካውካሰስ አገር ነው። ከትብሊሲ በስተደቡብ ጋዳችሪሊ ጎራ እና ሹላቬሪስ ጎራ በሚባሉ ቦታዎች በተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የወይን ቅሪት ተገኝቷል። ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 6000 ዓመት አካባቢ ነው። የምርምሩ ውጤት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ያ ወይን ቀለሙ ምን እንደነበር ስብርባሪው አይናገርም። አገሩ የወይን አገር መሆኑ ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

ጆርጂያውያን ወይን የሚጠምቁበት ዕቃ ክቬቭሪ ይባላል። ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። ቅርጹ እንቁላል ይመስላል፣ ታቹ ሾጠጥ ይላል፣ ውስጡ በሰም ይቀባል። እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ይቀበራል። መሬቱ ሙቀቱ እንዳይዋዥቅ ይጠብቀዋል። በመከር ጊዜ ጭማቂው፣ ልጣጩና ዘሩ፣ አንዳንዴም የዘለላው እንጨት ሳይቀር አብሮ ይገባል። ፈልቶ ሲያበቃ አፉ ተከድኖ በጭቃ ይታሸጋል። በምሥራቅ ጆርጂያ በካኼቲ ልማድ እስከ ጸደይ፣ አምስት ስድስት ወር ያህል እንደዚያ ይቆያል። የሾጠጠው ታች እዚህ ላይ ሥራ አለው፤ ዘሩ መጀመሪያ ይሰምጥና እዚያ ጠባብ ቦታ ይሰበሰባል፣ ልጣጩ ከላዩ ይተኛል። ዘሩ ከወይኑ ጋር ብዙ ስለማይገናኝ ምሬቱ አይበዛም። ጋኑ ባዶ ሲሆን በቼሪ ዛፍ ልጣጭ በተሠራ መፋቂያ እየታሸ ይታጠባል። ጋን በግራዋ ስታጥብ እናቱን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ይህን የአጠማመቅ ባህል ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

ለጎንደር ሰው ይበልጥ ቅርብ የሚሆነው ግን የአላቨርዲ ገዳም ይመስለኛል። ገዳሙ ካኼቲ ውስጥ ነው ያለው። በትውፊቱ የመሠረቱት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከሶርያ ምድር ከመጡት 13 አባቶች አንዱ የሆኑት አባ ዮሴፍ ናቸው። የእኛን ተስዓቱ ቅዱሳን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ቆም ማለቱ አይቀርም። መነኮሳቱ ዛሬም በመሬት በተቀበሩ ጋኖች ወይን ይጠምቃሉ።

በሶቪየት ዘመን ፋብሪካዎች ሲስፋፉ የጋኑ አጠማመቅ ወደ ጓዳ ገባ። ገበሬው ለቤቱ እየጠመቀ አቆየው። ከዚያ በጣልያንና በስሎቬኒያ ድንበር ያሉ ጠማቂዎች ይህን መንገድ መፈለግ ጀመሩ። ኦስላቪያ በምትባል ትንሽ የጣልያን መንደር ስታንኮ ራዲኮን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ነጭ ፍሬን ከነልጣጩ ማፍላት ጀመረ። የመንደሩ ሰው ዮሽኮ ግራቭነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ጆርጂያ ድረስ ሄዶ አየ፤ በዓመቱ በጋን መጥመቅ ጀመረ። የሁለቱም ዋነኛ ፍሬ ሪቦላ ጃላ ይባላል፤ ልጣጩ ወፍራም ነው። ብርቱካናማ ወይን በዓለም ከተሞች ምግብ ቤቶች ውስጥ ስሙ መነሳት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ጠርሙሱ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል?

ብዙ ስም አለው፤ አንዳንዱ ጠርሙስም ቀለሙን ጨርሶ አይጠቅስም። ስኪን ኮንታክት፣ ኦሬንጅ፣ አምበር ወይም ክቬቭሪ የሚል ካያችሁ በአብዛኛው እሱ ነው። ከጣልያን የመጣና ራማቶ የሚል ከሆነ ፒኖ ግሪጆ ከሚባል ፍሬ ተሠርቶ መዳብ የሚመስል ቀለም ያወጣ ወይን ነው። የጆርጂያ ከሆነ የፍሬውን ስም ፈልጉ፦ ርካትሲቴሊ፣ ምጽቫኔ፣ ኪሲ። ግን እነዚህ ፍሬዎች ተራ ነጭ ወይንም ይሆናሉ። ጠርሙሱ ግልጽ ከሆነ ከጽሑፉ ይልቅ ቀለሙን እመኑ።

ደፈርሷል፣ ከታቹም አተላ አለው። ተበላሽቶ ነው?

አይደለም፣ አትድፉት! ብዙዎቹ ጠማቂዎች አጥብቀው አያጣሩትም፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ አያጠልሉትም። አተላው እርሾና የፍሬው ቅሪት ነው፤ አይጎዳም። ጠርሙሱን ከአንድ ቀን በፊት አቁሙት፤ ይዘቅጣል። ስትቀዱ ቀስ ብላችሁ አጋድሉት፤ የመጨረሻውን ጥቂት ጣት ተዉት።

የእውነት የተበላሸ ወይን በአፍንጫ ይለያል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት፣ ኮምጣጤ የሆነ፣ ወይም እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን የሚል ከሆነ ችግር አለበት። ከዋጣችሁ በኋላ የአይጥ ሽታ የሚመስል ነገር አፍ ውስጥ ከቀረም እንደዚሁ። "ይህማ የወይኑ ባሕርይ ነው" ብሎ የሚከራከር ሻጭ ባይጠፋም እኔ አልቀበልም። መጥፎ ወይን መጥፎ ነው።

ናቹራል ወይን ከሚባለው ጋር አንድ ነው?

ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚገኙ ሰው ያቀላቅላቸዋል። ብርቱካናማ ማለት ስለ ልጣጩ ነው። ናቹራል ማለት ደግሞ ጠማቂው ምን ጨመረ፣ ምን አልጨመረም የሚለው ነው። በፋብሪካ እርሾ የተሠራና የተጣራ ብርቱካናማ ወይን አለ። ናቹራል የሆነ ቀይም ሞልቷል።

ከእኛ ምግብ ከየትኛው ጋር ይሄዳል?

ይህን ጥያቄ ስጠየቅ ደስ ይለኛል። ሰው ወይን ሲባል ሥጋ ከቀይ፣ ዓሣ ከነጭ የሚል ሕግ ይዞ ይመጣል። የእኛ ትሪ ላይ ግን አንድ እንጀራ ላይ አምስት ዓይነት ነገር ይወጣል። ቀዩ ወይን ለአልጫው ይከብዳል። ነጩ ከወጡ ፊት ይጠፋል። ብርቱካናማው የነጩን ኮምጠጥ ማለትና የቀዩን ታኒን በአንድነት ስለያዘ ለትሪው ሁሉ ይዳረሳል።

እንጀራው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እንጀራ ኮምጣጣ ነው። ከኮምጣጣ ምግብ ጋር ለስላሳ ወይን ሲጠጣ ፈዞ፣ ጣዕም አጥቶ ይገኛል። ኮምጠጥ ያለ ወይን ግን ይቋቋመዋል። የጆርጂያው ርካትሲቴሊ በዚህ ይታወቃል።

ዶሮ ወጥን እንውሰድ። ሽንኩርቱ ሰዓታት ተቁላልቶ ጣፍጧል፣ በርበሬው ገብቷል፣ ንጥር ቅቤው ከላይ ተንሳፍፏል፣ እንቁላሉ አለ። ቅቤውና እንቁላሉ የወይኑን ታኒን ያለዝቡታል፤ ታኒኑ ደግሞ አፍ ላይ የቀረውን ቅቤ ይጠርገዋል። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ጉንጭ፣ እንደገና ለመጉረስ አፍ ንጹሕ ይሆናል። ለእኔ የብርቱካናማ ወይን ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነው። ወራት ከልጣጩ ጋር የቆየውን ለዚህ አስቀምጡት።

ለሽሮ፣ ለክክ አልጫና ለጎርጎራ ዓሣ ጥብስ ቀለል ያለው፣ ጥቂት ቀን ብቻ ከልጣጩ ጋር የቆየው ይሻላል። ጥሬ ሥጋም ከጠንካራው ጋር ጥሩ ነው።

የማይሄድም አለ። ሚጥሚጣ ከበዛበት ነገር ጋር አልመክርም። አልኮል ማቃጠሉን ያባብሰዋል፣ ታኒን ደግሞ ይጨምርበታል። ክትፎው ላይ ሚጥሚጣው ይቀነስ፣ ወይም አልኮሉ ከ12 በመቶ የማይበልጥ ወይን ፈልጉ። ድፎ ዳቦ ከማር ጋርም ደረቁን ወይን ያመርረዋል።

በጾም ቢጠጣ የፍስክ ነገር አለበት?

በጾም መጠጥ መጠጣትና አለመጠጣት ከንስሐ አባት ጋር የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ እኔ የምለው የለኝም። ስለ ወይኑ ግን ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። ወይን እንዲጠራ ሲባል የእንቁላል ነጭ፣ ኬዚን የሚባል የወተት ፕሮቲን፣ ጄላቲን ወይም ከዓሣ የሚወጣ ነገር የሚጨምሩ ጠማቂዎች አሉ። በኋላ ተጣርቶ ይወጣል፤ ቢሆንም የገባበት ገብቶበታል። ብርቱካናማ ወይን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ እስኪጠልል ስለሚተው ይህ ነገር ብዙም አይገጥመውም። እርግጠኛ መሆን የፈለገ ጠርሙሱ ላይ ቪጋን (ከእንስሳ የተገኘ ነገር ያልገባበት) የሚለውን ምልክት ይፈልግ።

እንዴት ቀዝቅዞ ይቅረብ?

እንደ ነጭ ወይን በጣም አታቀዝቅዙት። ቅዝቃዜ ሲበዛ መዓዛው ይታፈናል፣ ምሬቱ ብቻ ጎልቶ ይወጣል። ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥሩ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ከነበረ ከመቅረቡ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በፊት አውጡት። በጎንደር የታኅሣሥና የጥር ማታ ፍሪጅም ላያስፈልግ ይችላል፤ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ ማዋል ይበቃል። ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ ያለ ይሁን። ከግማሽ በታች ቅዱ። ጠንካራውን ቀድሞ መክፈትም ይጠቅመዋል፤ አየር ሲያገኝ ይከፈታል።

ጎንደር ላይ የት ይገኛል?

እንደ ልብ አይገኝም። ፒያሳም ወርዳችሁ፣ አዘዞም ሄዳችሁ ሱቅ ብትጠይቁ የሚወጣላችሁ ቀይ፣ ነጭና ሮዜ ነው። ቀላሉ መንገድ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ወይም ጓደኛ በስም ጠይቆ ማስያዝ ነው። "ወይን አምጣልኝ" ብቻ ካላችሁት ጣፋጩን ይዞላችሁ ይመጣል።

እስከዚያው ምላስን ማለማመድ ይቻላል። ዝዋይ የሚጠመቀውን የሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ (ነጭ) እና ሜርሎ (ቀይ) ገዝታችሁ ጎን ለጎን ቅመሱ። ከሻርዶኔው ኮምጠጥ ማለቱን፣ ከሜርሎው ድድ ላይ የሚቀረውን መድረቅ ለዩ። ሁለቱን በየራሳቸው ካወቃችሁ፣ ብርቱካናማውን ስትቀምሱ አፋችሁ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ትረዱታላችሁ። ይህን ልምምድ ብዙ ሰው ይዘለዋል። በእኔ አስተያየት ግን ውድ ጠርሙስ ከመክፈት በፊት መደረግ ያለበት እሱ ነው።

ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል። ለገበያ የሚመጣው የወይን ፍሬ ለመብላት የተመረጠ ስለሆነ ልጣጩ ስስ፣ ስኳሩም አነስ ያለ ነው። የሚወጣው ወይን ቀጭን ይሆናል። አሠራሩን ለመማር ግን በቂ ነው።

10 ኪሎ የበሰለ አረንጓዴ ወይን 6 ሊትር አካባቢ ያወጣል። የበሰበሰውን ልቀሙ። ከዘለላው አራግፉና በንጹሕ እጅ ጨፍልቁት፤ ዘሩን ግን አታድቅቁት፣ ያመርረዋል። ለምግብ በሚሆን ባልዲ ውስጥ ግማሹን ያህል ብቻ ሙሉት፤ ሲፈላ ይነሳል። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ሸፍኑት፣ ዝንብ እንዳይገባ እሰሩት። ጧት፣ ቀትርና ማታ ልጣጩን ወደ ታች ድፈቁ። ከ20 ዲግሪ ብዙ ያልራቀ ክፍል ጥሩ ነው፤ የጎንደር ቤት ለዚህ አያስቸግርም። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ጨምቃችሁ አጥልሉት፤ ወደ ጠባብ አፍ ዕቃ አዛውሩትና እስከ አፉ ሙሉት። ከክዳኑ ቀጭን ቱቦ አውጥታችሁ ጫፉን ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ጋዙ ይወጣል፣ አየር አይገባም።

ትልቁ ማስጠንቀቂያ ይህ ነው፦ መፍላቱ ሳያበቃ ጠርሙስ ውስጥ አትክደኑት። ጠርሙስ ይፈነዳል፤ ዓይን ያጠፋል። ውሃው ውስጥ የሚወጣው አረፋ ጨርሶ ከቆመ በኋላም ሳምንታት ታገሡት።

ስንት ዲግሪ እንደሚሆን ማስላት ለሚወድ፣ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለ 17 ግራም ያህል ስኳር አንድ በመቶ አልኮል ይሰጣል። 170 ግራም ስኳር ያለበት ጭማቂ 10 በመቶ አካባቢ ይደርሳል።

ከሌላው ወይን ለጤና ይሻላል ይባላል። እውነት ነው?

አልኮሉ ያው ነው፤ አብዛኛው ከ11 እስከ 14 በመቶ ይይዛል። ከልጣጩ የሚገኙ ንጥረ ነገሮች ከነጩ ይበዙበታል። ለዚያ ብሎ መጠጣት ግን ልክ አይደለም። "ሰልፋይት (ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር) የለውም" የሚለውንም አትመኑ፤ እርሾው ራሱ ጥቂት ይፈጥራል። አስም ያለበት ሰው ይጠንቀቅ። ነፍሰ ጡር፣ መድኃኒት የምትወስዱና መኪና የምትነዱ ይቅርባችሁ። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ በአገራችን ሕግ የተከለከለ ነው።

ከተከፈተ በኋላ ስንት ቀን ይቆያል?

ከነጭ ወይን ይበልጥ ይቆያል፤ ታኒኑ ይጠብቀዋል። ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቁማችሁ ካስቀመጣችሁት አራት አምስት ቀን አያሳስብም። ጠንካራው በሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ቀን ሊጣፍጥም ይችላል። በሳምንቱ ኮምጠጥ ካለባችሁ አትድፉት፤ ጥብስ ሲጠበስ መጨረሻ ላይ ጠብ ይደረግበት።